ያልጠየቅነው ሰው የት ነው? ስለ ናሙና አመራረጥ ለተመራቂዎች

 

የመመረቂያ ጽሑፍ ወቅት ሲደርስ ከዙህር ሶላት በኋላ መስጂድ በር ላይ የማይጠፋ ሰው አለ። በአንድ እጁ የወረቀት ክምር ታቅፎ በሌላው እስክሪብቶ እያቀበለ «ወንድሜ፣ አምስት ደቂቃ ብቻ፣ መጠይቅ ሙላልኝ» ይላል። እኛም ተማሪ ወንድምን መርዳት አጅር አለው እያልን ጫማችንን በወጉ ሳናጠልቅ እንሞላለን። አንዳንዴ ጥያቄውን እንኳ ሳናነብ ከላይ እስከ ታች «እስማማለሁ» የሚለው ሣጥን ላይ ምልክት እንደረድራለን።

እኔም በተራዬ ያ ወረቀት ታቃፊ ነበርኩ። ርዕሴ ደንበኞች ከወለድ ነፃ የባንክ አገልግሎትን ለምን ይመርጣሉ የሚል ነበር። ግቢያችን ሰንጋ ተራ፣ በባንኮች ዋና መሥሪያ ቤት ተከቦ የሚኖር ግቢ በመሆኑ ርዕሱ ከደጃችን የተነሳ ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ሁለት መቶ መጠይቅ አባዛሁና በሦስት ቀን በትኜ ጨረስኩ። መልሱ ግልጽ ነበር፤ የሞሉልኝ ሰዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም የመረጡበት ዋና ምክንያት ሃይማኖታቸው እንደሆነ ገለጹ። በሠንጠረዥ አስቀምጬ፣ በባለ ቀለም ግራፍ አስጊጬ ለዲፌንስ ቀረብኩ።

ፈታኙ ገጾቹን ገለጥ ገለጥ አደረጉና «እነዚህን ሰዎች የት አገኘሃቸው?» አሉኝ።

«መስጂድ በር ላይ።»

«መስጂድ በር ላይ ቆመህ ጠየቅህና ሃይማኖት ዋናው ምክንያት ነው አሉህ?»

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። እኔም አብሬ ለመሳቅ ሞከርኩ። ሳቁ ሲበርድ ግን ፈታኙ የጠየቁኝ ሁለት ጥያቄዎች እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጡም። የመጀመሪያው «ሂሳብ ከፍቶ የዘጋው ሰው የት አለ? ጭራሽ ያልከፈተውስ?» የሚል ነበር። ሁለተኛው ደግሞ «ምዕራፍ ሦስት ላይ ሲምፕል ራንደም ሳምፕሊንግ ተጠቅሜያለሁ ብለሃል፤ ዕጣውን ያወጣኸው መቼ ነው?» የሚል።

ዕጣ የሚባል ነገር አላወጣሁም። ከአንድ የቆየ ጽሑፍ ላይ አንቀጹን ገልብጬ ነበር። ይህን የምጽፈው ከእናንተ መካከል በዚያ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሁሉ ቢያንስ ለእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች መልስ ይዞ እንዲቀመጥ ብዬ ነው።

ከቃላቱ እንጀምር። ልናውቀው የምንፈልገው ሕዝብ በሙሉ «የጥናቱ ሕዝብ» ወይም ፖፑሌሽን ይባላል። ከዚያ መካከል በትክክል የምንጠይቃቸው ሰዎች «ናሙና» ናቸው። በሁለቱ መካከል ብዙ ተማሪ የሚዘለው ሦስተኛ ነገር አለ፤ እርሱም «የናሙና ማዕቀፍ» ነው፣ የጥናቱን ሕዝብ የያዘው ዝርዝር። የባንኩ የደንበኞች መዝገብ፣ የሬጅስትራሩ የተማሪዎች ዝርዝር፣ የወረዳው የነዋሪዎች መዝገብ ማዕቀፍ ሊሆኑ ይችላሉ። ዝርዝር ከሌለ ዕጣ የለም። ዝርዝሩ ከተሳሳተ ደግሞ ዕጣው የቱንም ያህል ንጹሕ ቢሆን የሚያወጣው ከተሳሳተ ዝርዝር ውስጥ ነው።

ይህን የአዲስ አበባ ሰው ማንም ሳያስተምረው ያውቀዋል። ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. የከተማው አስተዳደር የ25,491 የጋራ መኖሪያ ቤቶች ዕጣ አወጣ። ስማቸው የወጣላቸው ሰዎች ደስታቸውን ገና ሳይጠግቡ ለዕጣው የማይበቁ ሰዎች መረጃ አብሮ ገብቶ ተገኘ ተባለና ዕጣው ተሰረዘ፤ በቀጣዩ ዓመት ኅዳር ላይ እንደገና ወጣ። በዓመታት ቁጠባ ተራውን ሲጠብቅ የኖረ ሰው ምን እንደተሰማው መገመት አያስቸግርም። በናሙና ቋንቋ ብንናገር ማዕቀፉ ውስጥ መግባት የሌለበት ገብቶ ነበር። በእኔ ጽሑፍ የሆነው ተቃራኒው ነው፤ መግባት የነበረበት ሰው አልገባም። ልዩነቱ የእኔን ስህተት ተከትሎ የሚያለቅስ ሰው አለመኖሩ ብቻ ነው። ከዝርዝር ውጭ የቀረ ሰው መቅረቱን እንኳ አያውቅም።

እስቲ እዚሁ ሰንጋ ተራ ላይ እንቆይና ዝርዝር እንዴት እንደሚያረጅ እንይ። አገራችን ለመጨረሻ ጊዜ የሕዝብና ቤት ቆጠራ ያካሄደችው በ1999 ዓ.ም. ነው። አራተኛው ቆጠራ ለ2011 ዓ.ም. ታስቦ ተራዘመ። በ1999 ቆጣሪዎች በዚህ ሰፈር ሲዞሩ ያንኳኩት የተጠጋጉ የቀበሌ ቤቶችን በር ነበር። ዛሬ በዚያው መሬት ላይ የ40/60 የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎችና የባንክ ፎቆች ቆመዋል። የያኔውን ዝርዝር ይዞ ዛሬ የሚመጣ አጥኚ የሚፈልገውን በር አያገኝም፤ የሚያገኘው በርም ዝርዝሩ ላይ የለም።

ካዛንቺስ ደግሞ ከዚህ ይከብዳል። አንዲት እህት ባለፈው ከካዛንቺስ በልማት የተነሱ ነዋሪዎች ኑሯቸው እንዴት እንደተለወጠ ማጥናት እንደምትፈልግ አማከረችኝ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ሰፈሩ ሲፈርስ ከነዋሪዎቹ ብዙዎቹ ገላን ጉራን ወደመሰሉ የከተማዋ ዳርቻዎች ሄደዋል። እህታችን ካዛንቺስ ሄዳ ያገኘችውን ብትጠይቅ የምታገኘው ያልተነሳውን ሰው ነው። ገላን ጉራ ብቻ ብትሄድ ምትክ ቤት ያገኘውን ታገኛለች፤ በዘመድ ቤት የተጠጋው፣ በኪራይ ሌላ ሰፈር የገባው፣ ወደ ክፍለ ሀገር የተመለሰው ይቀርባታል። እዚህ ጋ መፍትሔው ከመነሳታቸው በፊት የነበረውን የነዋሪዎች መዝገብ ማግኘትና ከዚያ ዕጣ አውጥቶ የወጣላቸውን ሰዎች ያሉበት ድረስ መከተል ነው። አድካሚ ነው፤ ለአንድ ሴሚስተርም ይከብዳል። ካልቻለች ርዕሷን አጥብባ «በገላን ጉራ ምትክ ቤት ያገኙ ነዋሪዎች» ማለት ትችላለች። ርዕስን ማጥበብ አያሳፍርም። የጠበበ ሕዝብ ጠይቆ በሰፊው ሕዝብ ስም መናገር ግን ያስጠይቃል።

አሁን ወደ አመራረጡ እንግባ። ዘዴዎቹ በሁለት ትላልቅ ወገኖች ይከፈላሉ። በመጀመሪያው ወገን እያንዳንዱ ሰው የመመረጥ ዕድል አለው፤ ያ ዕድል ምን ያህል እንደሆነም አስቀድሞ ይታወቃል። ይህ ፕሮባቢሊቲ ሳምፕሊንግ ነው፤ እኛ የዕጣ ናሙና እንበለው። በሁለተኛው ወገን መራጩ አጥኚው ራሱ ወይም አጋጣሚው ነው።

የዕጣ ጥቅሙ ምንድን ነው? የማንም ፍላጎት አይገባበትም። ይህ ለእኛ እንግዳ ሐሳብ አይደለም። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለጉዞ ሲነሱ ከባለቤቶቻቸው ማን አብራቸው እንደምትሄድ በዕጣ ይለዩ እንደነበር በሐዲስ እናውቃለን፤ ዑለሞችም ይህን ቁርዓ ብለው እኩል መብት ያላቸውን ሰዎች ያለ አድልዎ መለያ አድርገው ይነጋገሩበታል። ዕቁብ የገባ ሰው ሁሉም ስም ተጠቅልሎ ኮፍያ ውስጥ ካልገባ ዕጣ ተወጣ እንደማይባል ያውቃል። የሰፈራችን ስም ራሱ ይህን ያስታውሰኛል። የሰንጋ ነጋዴ ገዢ ሲመጣ መርጦ ወደፊት የሚያወጣው የደለበውን ነው፤ በዚያ አንድ በሬ መንጋውን የገመተ ገዢ የከፈለው ገንዘብ ያንገበግበዋል። አጥኚም «አቶ እገሌ ጥሩ ይሞላሉ» ብሎ የባንኩ ሥራ አስኪያጅ በጠቆመው ሰው ብቻ ሲሄድ ያንኑ የደለበ ሰንጋ እያየ ነው።

ቀላሉ የዕጣ ናሙና፣ ሲምፕል ራንደም የሚባለው፣ ይኸው የዕቁቡ ነው። ለሁሉም ቁጥር መስጠት፣ ከዚያ በኮምፒዩተር ወይም በተጠቀለለ ወረቀት ማውጣት። «መንገድ ላይ ያገኘሁትን ሰው ሳልመርጥ ጠየቅሁ» ራንደም አይደለም። ይህ በጽሑፎቻችን ውስጥ በብዛት የማየው ስህተት ነው። በአማርኛ «እንዲሁ በዘፈቀደ» ስለምንል ይመስለኛል፤ ዘፈቀደ የሚለው ቃል ግድየለሽነትን ያሰማል፤ ዕጣ ግን ጥንቃቄ የሚጠይቅ ሥራ ነው። ሰው መንገድ ላይ «ሳይመርጥ» ሲጠይቅ የሚጠይቀው ፊቱ የፈታውን፣ ያልቸኮለውን፣ እንደርሱ የለበሰውን ነው። እኔ ሁለት መቶ ወረቀት ስበትን ጨለማ መነጽር ላደረገ ሰው አንድም አልሰጠሁም፤ ያወቅሁት በኋላ ነው።

ሁለተኛው ሥርዓታዊ የሚባለው ነው፤ ሲስተማቲክ። አንዲት የጋራ መኖሪያ ግቢ ውስጥ 240 ቤት ዘርዝራችሁ 30 ቤት ትፈልጋላችሁ እንበል። 240ን ለ30 ስታካፍሉ 8 ይመጣል። ከ1 እስከ 8 አንድ ቁጥር በዕጣ ታወጣላችሁ። 3 ወጣ ብንል ሦስተኛውን፣ ከዚያ 11ኛውን፣ 19ኛውን፣ 27ኛውን እያላችሁ በየስምንቱ ትዘልቃላችሁ። ቀላልና ለመስክ ሥራ ምቹ ነው። አንድ ወጥመድ ግን አለው። እያንዳንዱ ፎቅ ላይ ስምንት ቤት ቢኖርስ? የምታንኳኩት ሁሉ ከላይ እስከ ታች አንድ ቀጥ ያለ መስመር ላይ ያለ በር ይሆናል። ያ መስመር የስቱዲዮዎች ከሆነ ባለ ሦስት መኝታ ቤት ውስጥ የሚኖር ቤተሰብ አንድም አይገባላችሁም። ስለዚህ ዝርዝሩ በምን ቅደም ተከተል እንደተሠራ ቀድሞ ማየት ነው።

ሦስተኛው ሕዝቡን በመደብ ከፍሎ ከየመደቡ ዕጣ ማውጣት ነው፤ ስትራቲፋይድ ይባላል። አንድ ባንክ በሦስት ቅርንጫፎቹ 900፣ 600 እና 300 ከወለድ ነፃ አገልግሎት ደንበኞች አሉት እንበል፤ ድምሩ 1,800 ነው። የናሙናችሁ መጠን 328 ከሆነ እንደየድርሻቸው 164፣ 109 እና 55 ይደርሳቸዋል። ትንሿ ቅርንጫፍ እንዳትረሳ ዋስትና አገኘች ማለት ነው። መደቡ ቅርንጫፍ ብቻ መሆን የለበትም፤ ለምን እንደማይሆን ደግሞ ለእኛ ጀማዓ በተለይ ልናገር።

በእኔ ጥናት ከመለሱት ውስጥ ሴቶች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ምክንያቱ ሴቶች በባንክ ስለማይጠቀሙ አይደለም። እኔ የቆምኩት በወንዶች በር በኩል ስለነበረና እህቶችን አስቁሞ መጠየቅ ስላሳፈረኝ ነው። ሐያእ ጥሩ ነገር ነው፤ ግን የእኔ ሐያእ የእነርሱን ድምፅ ከጥናቱ ማስወጣት አልነበረበትም። ወንድና ሴትን መደብ ብሎ ከፍሎ፣ የእህቶችን ክፍል ለእህቶች መረጃ ሰብሳቢዎች መስጠት ይቻል ነበር። በጀማዓችን ውስጥ ለዚህ ፈቃደኛ የሚሆኑ እህቶች ሞልተዋል፤ መጠየቅ ብቻ ነበር የቀረኝ። ስለ ሴቶች ለብቻ መናገር የሚፈልግ ሰው ከድርሻቸው በላይ ቁጥር ሊወስድ ይችላል፤ ያን ጊዜ ጠቅላላ ውጤቱን ሲያሰላ ለየመደቡ ትክክለኛ ክብደቱን መመለስ አለበት።

አራተኛው ክላስተር ነው። የሰዎች ዝርዝር በሌለበት፣ ሕዝቡም በተበተነበት ጊዜ መጀመሪያ ቦታዎችን በዕጣ መርጦ ከዚያ በየቦታው ውስጥ ሰዎችን መምረጥ። የዚህ ትልቁ የአገራችን ምሳሌ በ2016 እ.ኤ.አ. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ነው። ስለ ክትባት፣ ስለ እናቶች ሞት፣ ስለ ሕፃናት መቀንጨር በየክፍሉ ከምንጠቅሳቸው ቁጥሮች ብዙዎቹ ከዚያ የመጡ ናቸው፤ እንዴት እንደተገኙ ማወቅ ተገቢ ነው።

መነሻው የ1999ኙ ቆጠራ ነበር። ለቆጠራው ሲባል አገሪቱ 84,915 የቆጠራ ቦታዎች ተብላ ተከፋፍላ ነበር፤ አንዱ ቦታ በአማካይ 181 ቤተሰብ ይይዛል። ክልሎቹና የከተማ አስተዳደሮቹ እያንዳንዳቸው ከተማና ገጠር ተብለው ተከፈሉ፤ አዲስ አበባ ገጠር ስለሌላት ድምሩ 21 መደብ ሆነ። ከእነዚህ መደቦች 645 ቦታዎች በዕጣ ወጡ፤ 202 ከከተማ፣ 443 ከገጠር። ቤተሰብ የበዛበት ቦታ የመውጣት ዕድሉም የበዛ እንዲሆን ተደርጓል። ከዚህ በኋላ ያለውን ልብ በሉት። የቆጠራው ዝርዝር ማርጀቱን ስለሚያውቁ ቃለ መጠይቅ ከመጀመራቸው በፊት በተመረጡት ቦታዎች ዞረው ቤቶቹን እንደ አዲስ ዘረዘሩ። ሰንጋ ተራን በመሰለ ሰፈር ይህ እርምጃ ባይኖር ምን ይፈጠር እንደነበር አስቡት። ከአዲሱ ዝርዝር ከየቦታው 28 ቤተሰብ በሥርዓታዊ ዘዴ ተመረጠ። በመጨረሻ 16,650 ቤተሰብ፣ 15,683 ሴቶችና 12,688 ወንዶች ቃለ መጠይቅ ተደረጉ።

ከዚህ ጥናት አንድ ደንብ ብቻ ውሰዱ ብባል የምመርጠው መተካት መከልከሉን ነው። የተመረጠው ቤት ዝግ ከሆነ ጠያቂው ጎረቤቱን አንኳኩቶ አይተካም፤ ተመልሶ ይመጣል እንጂ። ለምን? ቀን ቤቱ ዝግ የሆነው ሰው ቀን ቤቱ ከሚገኘው ሰው ይለያል፤ ሥራ ያለው ነው፣ ወይም መርካቶ ሱቅ የሚውል ነው፣ ወይም ሁለት ፈረቃ የምትሠራ እናት ናት። እርሱን በጎረቤቱ የተካ አጥኚ ሥራ የሚውሉትን አስወጥቶ ቤት የሚውሉትን አስገባ ማለት ነው። እኛ ደግሞ መጠይቁ ካልተመለሰልን ለሌላ ሰው ሰጥተን ቁጥሩን እንሞላለን። «ሁሉም መጠይቅ ተመልሷል» የሚል ጽሑፍ ባየሁ ቁጥር አሁን አሁን ጥርጣሬ ይገባኛል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ስለ ክላስተር። በአንድ አካባቢ ያሉ ሰዎች ይመሳሰላሉ። ከአንድ ግቢ የተጠየቁ 28 ሰዎች ከ28 የተለያየ ሰፈር የመጡትን ያህል አዲስ ነገር አይነግሩንም። ስለዚህ ክላስተር የሚጠቀም ሰው በቀላሉ ዕጣ ከሚያስፈልገው በላይ ቁጥር መያዝ አለበት።

ቁጥርን ካነሳን የታሮ ያማኔን ቀመር ማለፍ አይቻልም። ግቢያችን ውስጥ ምዕራፍ ሦስት ከፍቶ ይህን ስም ያላየ ተማሪ የለም። ቀመሩ ቀላል ነው። የስህተት ህዳጉን፣ አብዛኛውን ጊዜ 0.05ን፣ በራሱ ታባዛላችሁ፤ የሚገኘውን 0.0025 በጠቅላላው ሕዝብ ቁጥር ታባዙና 1 ትደምራላችሁ፤ ከዚያ ጠቅላላውን ቁጥር ለዚህ ታካፍላላችሁ። ለ600 ሰው 240 ይመጣል። ለ1,800 ሰው ከላይ የተጠቀምኩበት 328 ይመጣል። ለ12,000 ሰው 388፣ ለአንድ ሚሊዮን ሰው 400። ሕዝቡ የቱንም ያህል ቢበዛ ከ400 እንደማያልፍ አስተውሉ። ሾርባ ለመቅመስ ድስቱ ቢተልቅም ማንኪያው ያው ነው፤ በደንብ እስከተማሰለ ድረስ።

«በደንብ እስከተማሰለ» የሚለው ነው ቁምነገሩ። ቀመሩ የሚሠራው ናሙናው በቀላል ዕጣ እንደሚወጣ አስቀድሞ አምኖ ነው። ስንት ሰው እንደሚያስፈልግ ይነግራችኋል፤ ማንን እንደምትጠይቁ አይነግራችሁም። እኔ ቁጥሩን በቀመር አስልቼ ሰዎቹን በመስጂድ በር ስሰበስብ መጠኑ ያመረ፣ ይዘቱ የተዛባ ናሙና ነው ያገኘሁት። ቁጥሩን ወደ ሁለት ሺህ ባሳድገው ኖሮ ያንኑ ስህተት በበለጠ እርግጠኝነት እደግመው ነበር።

ለዚህ የዓለም ምሳሌ የሆነው በ1936 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የተፈጠረው ነው። ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለ መጽሔት ፕሬዚዳንታዊ ምርጫውን ማን እንደሚያሸንፍ ለመገመት ወደ 10 ሚሊዮን ለሚጠጉ ሰዎች የመጠየቂያ ካርድ በፖስታ ላከ፤ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ተመለሰለት። በዚያ ተማምኖ ላንደን ያሸንፋል አለ። ሩዝቬልት ከ48ቱ ግዛቶች 46ቱን ወሰደ። መጽሔቱ ስሞቹን የሰበሰበው ከስልክ ማውጫ፣ ከመኪና ባለቤቶች መዝገብና ይህን ከመሳሰሉ ዝርዝሮች ነበር፤ በዚያ የኢኮኖሚ ቀውስ ዘመን ስልክና መኪና የነበረው ማን እንደሆነ ግልጽ ነው። በዚያ ላይ ካርዱን ሞልተው የመለሱት ከአምስት ሰው አንዱ ያህል ብቻ ናቸው። ጆርጅ ጋለፕ ግን እጅግ ባነሰ ናሙና አሸናፊውን አወቀ። የዛሬው የእኛ የስልክ ማውጫ የቴሌግራም ግሩፕ ነው። ሊንኩን የላከ ሰው ለመላው ተማሪ የላከ ይመስለዋል፤ የሚመልስለት ግን ዳታ ያለው፣ ግሩፑን ድምፅ ያላጠፋ፣ ርዕሱም ደስ ያሰኘው ወይም ያናደደው ሰው ነው።

ታዲያ ዕጣ በማይቻልበት ጊዜ ምን ይደረጋል? ሁሌ ዝርዝር አይገኝም። ባንክ የደንበኞቹን ስም ለተማሪ አያወጣም፤ ማውጣትም የለበትም፣ አማና ነው። አንዳንዴ ግን ዝርዝሩን ሳይሰጣችሁ ዕጣውን ራሱ ባንኩ እንዲያወጣና መጠይቁን እንዲያደርስ መስማማት ይቻላል። ሌላው መንገድ በቅርንጫፉ በር ላይ መቆምና ከሚወጣው እያንዳንዱን አሥረኛ ሰው መጠየቅ ነው፤ በተለያየ ቀንና ሰዓት፣ ደመወዝ ቀንም ሌላም ቀን፣ ጠዋትም ከሰዓትም። ፍጹም አይደለም፤ ግን ቆሞ ደስ ያለንን ከማስቆም በብዙ ይሻላል።

ሁለተኛው ወገን የሚባሉት ዘዴዎችም ቦታ አላቸው። የባንኮችን የሸሪዓ አማካሪዎች ልታነጋግሩ ከሆነ ዕጣ ማውጣት ትርጉም የለውም፤ የሚያውቀውን ሰው ሆን ብሎ መምረጥ ነው፤ ፐርፖሲቭ ይባላል። ስውር የሆነ ሕዝብ ሲያጋጥም ደግሞ ስኖውቦል አለ፤ አንዱ ሌላውን እየጠቆመ። ለኔ ርዕስ ይህ በጣም ያስፈልግ ነበር። ብሔራዊ ባንክ በ2004 ዓ.ም. ባንኮች ከወለድ ነፃ አገልግሎት በመስኮት እንዲሰጡ ከፈቀደ ወዲህ፣ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ዘምዘም ባንክ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ሆኖ ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ ሁሉም ሙስሊም ወደ ባንክ የገባ ይመስለናል። አሁንም ገንዘቡን በዕቁብ፣ በሸቀጥ ወይም በዘመድ እጅ የሚያስቀምጥ ሰው አለ፤ አንዳንዱ «መስኮቱስ ከዚያው ባንክ አይደለም ወይ?» ብሎ ልቡ ያልረጋ ነው። ይህ ሰው በየትኛውም የባንክ መዝገብ ውስጥ የለም። ጥናታችን ሊለውጥ የሚችለው ነገር ካለ ደግሞ የሚነካው እርሱን ነው። ባንኮቹ ደንበኛቸውን ያውቃሉ፤ ደጃቸውን ያልረገጠውን አያውቁም። እኔም ፈታኙ የጠየቁኝን «ያልከፈተውን» ሰው በአንድ የመርካቶ ነጋዴ በኩል ጀምሬ አንዱ ወደ ሌላው እየመራኝ ባገኘው ኖሮ፣ አሥራ አምስት ሰው እንኳ ቢሆኑ ከሁለት መቶው በላይ የሚነግሩኝ ነገር ነበራቸው። ግን «ከሙስሊም ነጋዴዎች ይህን ያህል በመቶ» ብዬ ልጽፍ አልችልም፤ ስኖውቦል የሰዎቹን ምክንያት እንጂ የብዛታቸውን ልክ አያሳይም።

አመቺ ናሙና፣ ኮንቪኒየንስ የሚባለውም፣ ሐራም አይደለም። በአቅም ማነስ ተጠቀምኩበት ብሎ በግልጽ የጻፈ ተማሪ ብዙ ነጥብ አይቀነስበትም፤ እኔ ያየኋቸው ፈታኞች እንዲያውም ያከብሩታል። የሚያዋርደው በአመቺ ሰብስቦ «ራንደም» ብሎ መጻፍ ነው፤ ይህ የአሠራር ስህተት ብቻ አይደለም፣ ያልሠሩትን ሠራሁ ማለት ነው።

ጽሑፌን እንዳስተካክል አንድ ወር ተሰጠኝ። ሰንጠረዦቹን አልነካሁም፤ የቀየርኩት ርዕሱንና የምዕራፍ ሦስትን አንድ አንቀጽ ነው። እንደ ናሙና ይጠቅማችሁ ከሆነ አንቀጹ ከሞላ ጎደል እንዲህ ይል ነበር፦ «ይህ ጥናት በሰንጋ ተራ አካባቢ በሚገኝ አንድ መስጂድ በሦስት የሥራ ቀናት ለዙህር ሶላት ከመጡና መጠይቁን ለመሙላት ከፈቀዱ ሰዎች የተሰበሰበ ነው። ምላሽ ሰጪዎቹ በዕጣ አልተመረጡም። ከመካከላቸው ሴቶች ጥቂት ናቸው። ሂሳብ ያልከፈቱና ከፍተው የዘጉ ሰዎች አልተካተቱም። ስለዚህ ውጤቱ የተጠየቁትን ሰዎች አስተያየት ያሳያል እንጂ የአዲስ አበባን ሙስሊም ነዋሪም ሆነ የባንኮቹን ደንበኞች በሙሉ አይወክልም።» ፈታኙ ይህን አንቀጽ ሁለት ጊዜ አነበቡና ፈረሙልኝ።